የወፍ ስኳር

ባሌ ዘውገ ሠላሳ አንድ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። ዲለር ነበር። ዲለር ሺፍቱ አልቆ ከጠረጴዛው ሲነሳ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ሁለት እጁን አንዴ ያጨበጭብና መዳፎቹን ገልብጦ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ ያሳያል። "ምንም አልያዝኩም፣ ንጹሕ ነኝ" ማለቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ የኖረ ሰው ቤቱም ገብቶ አይተወውም። ከወጥ ቤቴ በወጣ ቁጥር ጭብ! ያደርግና መዳፎቹን ለጣሪያው ያሳያል። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ስኳር ከያዘው ወዲህ ግን ያቺ ጭብጨባ በተሰማች ቁጥር "ደግሞ ምን ሰርቆ ነው?" እላለሁ።

እኔ ብርቅታይት እባላለሁ። ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፑ በሚሉት የካዚኖዎች መንገድ ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ በሳምንት አራት ቀን፣ የጠዋት ሺፍት። ቤታችን ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ነው፤ አሮጌ ቤት፣ ግን ሮማን ያለበት ጓሮ አለው። ምላስሽ ትፈጥናለች ይሉኛል። የሚሉኝ ሰዎች ከዘውገ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ይኑሩና ከዚያ እንነጋገራለን።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የተዋወቅነው ሱዳን ገዳሪፍ ነው፤ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን። ላስ ቬጋስ እንደገባን ሁለት ዓመት ሳህን አጠበ፣ ከዚያ ካርታ ማደል ተማረ። በዕድሜው አንዲት ቀን እንኳ ቁማር ተጫውቶ አያውቅም። "ወጥ የሚሠራ ሰው ወጥ አያምረውም" ይላል። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሴት አያይም። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ ሻዩ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። አራት! እሱ የሚጠጣው ሻይ ማንኪያ ቢያቆሙበት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረው። ስኳር አለብህ፤ ስኳር ተው፣ ተንቀሳቀስ፣ አለዚያ ዓይንህ ይሄዳል፣ እግርህ ይሄዳል አለው። ለእኛ ደግሞ ይሄ ነገር ተረት አይደለም። ዴንቨር ያለው ታላቅ ወንድሙ ሲራክ በዚሁ ስኳር አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ከሐኪሙ ቤት ስንመለስ ዘውገ መኪና ውስጥ በቀኝ እጁ ጉልበቱን ይዞ ነው የመጣው። እኔም ያን ቀን ቤቴን ገለበጥኩት። ስኳሩን፣ ማርማላታውን፣ ብስኩቱን፣ ቴምሩን ሰብስቤ ጣልኩ። አብሬውም መራራ ሻይ መጠጣት ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ማለቴ ነው። ሥራ ቦታ በብሬክ ሰዓት የምጠጣው የሥራ ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ባለፈው መስከረም ጡረታ ወጣ። ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ ነው። ሥራ የፈታ ወንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ይጠይቀኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ቆሞ "አያያዝሽ ልክ አይደለም" ይለኛል። ፎጣ ሳጥፍ "ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥሚው እንጂ" ይለኛል። እኔን! በቀን ዐሥራ አራት ክፍል ፎጣ የማጥፈውን! በሁለተኛው ሳምንት ለልጄ ደወልኩና "ወይ አባትሽን ውሰጂው፣ ወይ እኔን" አልኳት።

ልጃችን ናርዲ ፋርማሲስት ናት፤ ሰመርሊን የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። እዚህ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ እንደ ልቧ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። ቅዳሜ መጣችና አንድ ቀይ ጠርሙስ ነገር ከካርቶን አወጣች። ከታቹ የፕላስቲክ አበባ አለው፣ አበባው መሐል ቀዳዳ።

"አባ፣ ይሄ ፊደር ነው። ለሀሚንግበርድ፣ ለትንሹ ወፍ። አንድ ካፕ ስኳር፣ አራት ካፕ ውሃ። ዋይት ሹገር ብቻ። ሃኒ ኖ። ቀይ ቀለም ኖ። ሰዎች ኦክቶበር ላይ ያወርዱታል፤ አንተ አታውርድ። ብዙዎቹ ይሄዳሉ፣ ግን እዚህ ዊንተሩን የሚቀሩ አሉ። እነሱ ብርድ ሲሆን በጣም ይፈልጉታል።"

እኔ የሰማሁት አንዲት ቃል ብቻ ነው። "ስኳር?" አልኩ።

"ማሚ፣ ለወፍ ነው" አለችኝ።

"ወፉን ማን ጠራው?"

በቃ፣ እኔ ከቤቴ ያባረርኩት ስኳር በወፍ ስም ቪዛ ተመቶለት ተመለሰ። ውስጡን የሚያሳይ አሮጌ የፕላስቲክ የቡና ጣሳ ውስጥ ጨመርኩትና ላዩ ላይ "የወፍ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ዘውገም አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አጨበጨበ፣ መዳፉን ለጣሪያው አሳየ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ "ብርቄ! ብርቄ! ነይ ቶሎ!" ሲል ወደቀ ብዬ ከሻወር ሳሙናዬን ሳላስለቅቅ ሮጥኩ። አልወደቀም። ጣቱን ወደ ጠርሙሱ ቀስሮ ቆሟል። አንዲት አውራ ጣት የምታክል ነገር አየር ላይ ቀጥ ብላ ትርርር እያለች ትጠጣለች።

"ምንድን ናት፣ ንብ ናት?"

"ወፍ ናት!"

"ወፍማ ትቀመጣለች።"

"ይቺ አትቀመጥም። እያት፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች! ብርቄ፣ ወደ ኋላ የምትበር ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እውነት ለመናገር ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እያቃጠለኝ እንኳ ቆሜ አየሁ። ጀርባዋ አረንጓዴ ነው፤ ዞር ስትል ደግሞ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ወይን ጠጅ ያለ ነጥብ ብልጭ ይላል። ዘውገ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያያት። ያን ፊቱን ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው፤ ናርዲ ስትወለድ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያማ ሰውዬውን አጣሁት። ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል፣ ጠርሙሱን ያጥባል፣ ይሞላል፣ ያጠጣል፣ ይቆፍራል። የኔን ቃሪያ ነቅሎ ቀይ አበባ ተከለበት። የኔን ቃሪያ! አበድኩበት፤ "ወፎቹ ቀይ ነው የሚወዱት" አለኝ። "ቃሪያዬም ቢቆይ ይቀላ ነበር" አልኩት። ሐኪሙ ሁለት ዓመት ተንቀሳቀስ ብሎ ሲለምነው የነበረ ሰው አሁን ከጓሮ አይገባም። ሱሪው ሰፋው። ስለዚህ ስለ ቃሪያው ዝም አልኩ፤ ማለቴ ከሁለት ቀን በኋላ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "አና ዛሬም መጣች" ይላል። "ጉሮሮዋ ሲያበራ ብታየው! አዎ፣ ብርቄ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ ነው የምትመጣው።" ደሜ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። ቦርሳዬን ወርውሬ "አና ማን ናት?" ብዬ ገባሁበት። ስልኩ ላይ የነበሩት ጋሼ መልከጼዴቅ ናቸው፤ የድሮ የታክሲ ሹፌር፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛው። ከወዲያ ሲስቁ እስከ በሩ ይሰማል። ለካ የወፏ ዘር ስም አና ነው፤ ናርዲ ያመጣችለት መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ ግን የዚያን ቀን አናን በዓይኔ እስካያት እራት አልሠራሁም።

አናዎቹ ብዙ ነበሩ። ከነሱ መሐል አንድ ወንድ ነበር፤ ራሱ እስከ አንገቱ ድረስ ፀሐይ ሲመታው ደማቅ ሮዝ የሚሆን። ይሄ ሰይጣን ሮማኑ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ሌላ ወፍ ወደ ጠርሙሱ ዝር ሲል እንደ ጥይት ወርዶ ያባርራል። ራሱም አይጠጣ፣ ሌላም አያስጠጣ። ዘውገ "ሊቀመንበር" ብሎ ስም አወጣለት። የቀበሌ ሊቀመንበርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠርሙሱ ሥር ቆሞ ሲመክረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ስማ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። እንግዳ ናቸው፣ መንገደኛ ናቸው፣ ሜክሲኮ ድረስ የሚሄዱ አሉ፤ አታፍርም?" ሊቀመንበሩ አላፈረም። ዘውገም ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝቶ ከቤቱ ወዲያ ማዶ፣ ከሮማኑ የማይታይ ቦታ ሰቀለ። ሊቀመንበሩ ሁለት ቀበሌ ማስተዳደር አልቻለም።

ሁለት ጠርሙስ ማለት እጥፍ ስኳር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሂሳብ አልተማርኩም እንጂ ዓይን አለኝ። የወፏ ክብደት የአንዲት ሳንቲም ያህል ነው ብሎኛል። ታዲያ ሳንቲም የምታክል ወፍ በሳምንት አራት ፓውንድ ስኳር ትጨርሳለች? ጣሳው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ጠዋት ስኳሩን ማታ ካሰመርኩት ሁለት ጣት ወርዶ አገኘዋለሁ። ማንኪያው እርጥብ ነው። አንድ ቀን ደግሞ እሱ "ባዶ ሻይ ነው የጠጣሁት" ባለኝ ስኒ ውስጥ ጉንዳን ተሰልፎ አገኘሁ። ጉንዳን ባዶ ሻይ ምን ያደርግለታል? ጣቱን ወግቶ በሚለካበት መሣሪያ ጠዋት ጠዋት መቶ ዘጠና፣ መቶ ዘጠና አምስት ይወጣል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ብጠይቀው ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ። "ለወፎቹ ነው" ይለኛል፤ ከዚያ ጭብ፣ መዳፍ፣ ጣሪያ።

ስለዚህ አልጠየቅኩትም። ኦክቶበር ሲያልቅ፣ የሃሎዊን በዓል ማግስት ወደ ሱቅ ሄጄ ያንን ስኳር የሚመስለውን፣ ስኳር ያልሆነውን፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ዱቄት ገዛሁ። ሲያዩት አይለይም። ሲቀምሱት ይጣፍጣል፣ ኋላ ላይ ግን ትንሽ መረር ይላል፣ አፍም ቀዝቀዝ ያደርጋል። እውነተኛውን ደፍቼ ጣሳውን በውሸቱ ሞላሁትና ፈገግ እያልኩ ሥራዬ ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

በሳምንቱ ሲለካ መቶ አርባ! በሁለተኛው ሳምንት መቶ ሠላሳ! እሰይ! ለካ ልክ ነበርኩ፤ ጣሳውን ሲግጠው ኖሯል። ናርዲ "ማሚ፣ ጎበዝ ነህ፣ አባን ምን አደረግከው?" ስትለኝ "ጸሎት" አልኳት። በድሌ ሰክሬ ስለነበር ያ ጠርሙስ ትዝም አላለኝ። ለወፎቹም የሚቀዳው ከዚያው ጣሳ መሆኑን እያወቅኩ አላሰብኩትም።

ወፎቹ ግን አሰቡት። ሊቀመንበሩ ነው መጀመሪያ የነቃው። ዕረፍቴ ቀን ነበርና አብሬ አይቻለሁ። መጣ፣ ምንቃሩን ሰካ፣ ወዲያው ነቀለ። እንደገና ሰካ፣ ነቀለ። ከዚያ ዘውገ ፊት መጥቶ አየር ላይ ቆሞ አፈጠጠበት፤ እንደ ተታለለ ደንበኛ። ሄደ። በዐሥረኛው ቀን ሮማኑ ላይ ማንም አልነበረም።

ዘውገ ጠርሙሱን በሆምጣጤ አጠበ። ቦታ ቀየረ። ቀይ ሪባን አሰረበት። ውሃውን በየቀኑ አዲስ አደረገ፤ የውሸት ስኳሩን በጥንቃቄ አንድ ለአራት እየለካ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ የማን ሥራ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጋሼ መልከጼዴቅ መጡና "ነግሬህ ነበር፣ ከመስቀል በኋላ አውርደው ብዬህ ነበር፤ ሄደዋል እኮ" አሉት። "ናርዲ የሚቀሩ አሉ ብላለች" አለ። ጋሼ መልከጼዴቅ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው የነቢያት ጾም ስለገባ ይሆናል" አሉ።

ኖቬምበር መጨረሻ፣ በታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን አንድ ጠዋት ስወጣ ጓሮው መሐል ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የካዚኖውን ቀይ ሰደርያ ለብሶ፣ ጥቁር ቢራቢሮ ክራቫቱን አስሮ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ። ቀይ ስለሚወዱ ነው። "ዘውገ፣ ማን ሊጫወት ነው?" አልኩት። ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም፤ ወፎቹ እንዳይደነግጡ። አንድ ሰዓት እንደዚያ ተቀመጠ። የመጣ ዝንብ የለም።

ከዚያ በኋላ ሰደርያውን አወለቀና በጠዋት መነሳት ተወ። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥን ያያል፤ ድምፁን ሳይከፍት። ሻይ ሳቀርብለት "ይቅርብኝ" ይላል። ዘውገ! ሻይ! አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ መስተዋት ፊት ምላሱን አውጥቶ ሲያይ አገኘሁት። "ምን ሆነሃል?" ብለው "ምንም" ብሎ ዘጋብኝ። በወር አንዴ እንኳ ለማይደውልለት ለሲራክ በየቀኑ ይደውልለት ጀመር። "አንተን መጀመሪያ ምንህን ነው የጀመረህ?" ሲለው ሰምቻለሁ። ለወፍ እንዲህ ይታዘናል እንዴ እላለሁ። የመሣሪያው ቁጥር ወርዷል፤ ሰውዬው ግን አብሮ ወርዷል።

ልንገረው አልኩ። ደግሞ ብነግረው ምን ይሆናል? እውነተኛው ስኳር ይመለሳል፣ እሱም ማንኪያውን ይዞ ይመለሳል፣ መቶ ዘጠና ይመለሳል፣ ከዚያ እግሩ። ዝም ብል ደግሞ ሰውዬው ሶፋው ላይ ያልቃል። ሥራ ላይ አልጋ እያነጠፍኩ "እግሩ ወይስ ወፎቹ፣ እግሩ ወይስ ወፎቹ" እላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት "ምን ዘፈን ነው?" ብላኛለች።

ዲሴምበር ገብቶ አንድ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቅዳሜ ነው፣ እኔም ዕረፍት ላይ ነኝ። ዘውገ ብድግ አለና "በቃ፣ ላውርደው" ብሎ ወጣ። ወዲያው ተመለሰ። ሁለት መዳፉን እንደ ጽዋ አድርጎ ገጥሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከፈተው፤ አና ናት። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ላባዋ ተነፍቷል፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች።

"ጠርሙሱ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ አገኘኋት" አለ። "ልትጠጣ መጥታ ነው፣ ብርቄ። ልትጠጣ መጥታ ሞተች።" እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

እኔም አልቻልኩም። "እኔ ነኝ የገደልኳት!" ብዬ ጮህኩ። "ስኳሩ ስኳር አይደለም! ቀይሬዋለሁ! የሐኪም ነው፣ የውሸቱ ነው፣ ከሃሎዊን ጀምሮ! አንተ እንዳትሰርቅ ብዬ ነው!"

ዘውገ ቀና ብሎ አየኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም።

"ከሃሎዊን ጀምሮ?" አለ።

"ከማግስቱ።"

"መጨረሻው ላይ የሚመረው... አፍ የሚያቀዘቅዘው... ስኳሩ ነው?"

"ስኳሩ ነው!"

"ምላሴ አይደለም?"

"የምን ምላስ?"

ወንበሩን ስቦ ዘጭ አለ፤ ወፏን እንደያዘ። "ምላሴ የሞተ መስሎኝ ነበር" አለ። "ሻዩ ሁሉ መረረኝ። በቃ ጀመረኝ አልኩ። መጀመሪያ ምላስ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ እንደ ሲራክ። ወር ከሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም። ወፎቹም ሲጠሉት እነሱም ያዩብኝ ነገር አለ አልኩ።"

"ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰውዬ?"

"ምን ብዬ? 'ብርቄ፣ ተደብቄ የምጠጣው ሻይ መረረኝ' ልበልሽ?"

አስቡት እንግዲህ። እኔ ስኳሩን እንደቀየርኩ መናገር አልቻልኩም፤ እሱ ስኳሩ እንደተቀየረ መጠየቅ አልቻለም፤ አንዷ ወፍ በመሐላችን ትሞታለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እኛ ነን። "ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ስኳር ትቀይሪብኛለሽ?" አለኝ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ስኳር ትሰርቅብኛለህ?" አልኩት። ሊስቅም ሊያለቅስም ሲል መዳፉ ውስጥ ያለችው ነገር አንዴ ተንቀሳቀሰች።

"ብርቄ! አለች! ስኳር! እውነተኛ ስኳር አምጪ!"

ቤት ውስጥ ከየት ይምጣ? ሁሉንም ደፍቼዋለሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ቦርሳዬን አነሳሁና ከታችኛው ኪስ ከሆቴሉ ያመጣኋቸውን የስኳር ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። ዐሥራ አንድ ነበሩ። ድንገት ስኳሩ ወርዶ ቢያዞረው ብዬ የምይዘው ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ያዘዘኝ ነው። በርግጥ ሐኪሙ ሁለት ሦስት ነው ያለው። ዘውገ ከረጢቶቹን አየ፣ ቦርሳዬን አየ፣ እኔን አየ።

"ይሄ ሁሉ ጊዜ?" አለ። "አጠገቤ? ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር?"

"ዝም በልና እጅህን አሙቅ!"

ሞቅ ያለ ውሃ ላይ በጠበጥኩት፤ አንድ ለአራት። ማንኪያውን ምንቃሯ ሥር ያዝኩ። እሱ በመዳፉ ይተነፍስባታል። ሩብ ሰዓት ይሆናል፤ እኔ ግን ሙሉ ቅዳሴ የቆምኩ መሰለኝ። ድንገት ዓይኗን ገለጠች። እንደ ክር የቀጠነች ምላስ ወጣች፤ ማንኪያው ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ዘውገ "ትጠጣለች፣ ትጠጣለች" ይላል በሹክሹክታ። ከዚያ ትርርር ብላ ተነሳች። መጋረጃው ዘንግ ላይ አረፈች፣ እኛን አየችን፣ በተከፈተው በር ወጣች።

ለናርዲ ደወልንላት። አፋችን እየተጋጨ ሁለታችንም እንነግራታለን። "ማሚ" አለችኝ ስንጨርስ፣ "እሱ እኮ አልሞተም። ብርድ ሲሆን እንደዚያ ነው የሚተኛው። ፀሐይ ሲመጣ ራሱ ይነሳ ነበር። አንተ ለምን ቀሰቀስከው?" ከዚያ "ቆይ፣ የውሸት ስኳር ነው ያልከው? ማሚ! እሱ ኢነርጂ የለውም! ምግብ አይደለም!" ብላ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጮኸችብኝ። ይገባኛል፣ ምን እላለሁ። ዘውገ ግን አንዲት ቃል አልሰማም፤ ምላሱ ላይ አንዲት የስኳር ፍሬ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። "ደህና ነው" አለ። "ብርቄ፣ ምላሴ ደህና ነው።" አንዲቷን ፍሬ አልከለከልኩትም።

የዚያን ቀን እውነተኛ ስኳር ገዛሁና ጣሳውን ሞላሁ። "አንቺ ያዢው፣ ደብቂው" አለኝ። "አልደብቅም" አልኩት፤ "እኔ የካዚኖ ካሜራ አይደለሁም። እግሩ ያንተ ነው።" ጣሳውን ፊቱ አስቀመጥኩት። ማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የተጠጣ ሻይ አየሁ። ቀመስኩት፤ መራራ። ጣሳው ላይ ደግሞ አዲስ መስመር ተሰምሯል፣ አጠገቡ ቀኑ በሱ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። በየቀኑ ለወፎቹ ከቀዳ በኋላ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከሁለት ኩባያ አያልፍም። ቁጥሩ አሁን መቶ ሃያ ስምንት ነው። ሊቀመንበሩ ለገና ሰሞን ተመለሰ፤ ሮማኑ ላይ ተቀምጦ ወፍ ያባርራል። ዘውገ መራራ ሻዩን ይዞ ይወጣና ፊቱን አኮማትሮ እየጠጣ ይመክረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ እሱ ጓሮ ስለነበር ጠርሙሱን ልሙላለት ብዬ ጣሳውን ከፈትኩ። ሁለት ኩባያ ቀዳሁ። ጣቴ እርጥብ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቴ ጣሳው ውስጥ ገባች፣ ከዚያ አፌ ውስጥ ገባች። እንደገና ገባች። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል።

"ብርቄ" አለኝ። "እጅ።"

ምን ላድርግ? አጨበጨብኩ። መዳፎቼን ገልብጬ ለጣሪያው አሳየሁ። ስኳሩ ከጣቴ ላይ ወለሉ ላይ ሲዘንብ ሁለታችንም አየነው።

"ለወፎቹ ነው" አልኩት።

አልሳቀም። መጥቶ እስክሪብቶውን አነሳ፣ ጣሳውን ወደ ብርሃኑ አዞረ፣ ከሱ መስመር ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሌላ መስመር አሰመረና አጠገቡ "ብርቄ" ብሎ ጻፈበት።